«ዲስከሬጅ አታድርጊኝ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ የራሷን ሥራ ልትጀምር አስባ አማከረችኝ። ያሉትን ችግሮች ስዘረዝርላት «እባክሽ ዲስከሬጅ አታድርጊኝ» አለች። በአማርኛ ተናገሪ ስላት «ተስፋ አታስቆርጪኝ ልበል? እሱማ በዛ» አለችኝ። እውነት በዛ? ሌላስ ምን ይባላል?

መልስ፦ እህትዎ ልክ ናት፣ በዝቷል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ነገሩን ትቶታል። «በቃ፣ አይሆንም» ብሎ ተቀምጧል። ዲስከሬጅ የተደረገ ሰው ግን ገና አልተወም። ጉጉቱ ቀንሷል፣ ማመንታት ጀምሯል፣ ያም ሆኖ ሐሳቡ አለ። እንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ይሸፍናል። አማርኛ ግን እንደ ጉዳቱ መጠን ቃል ይመርጣል።

ቀለል ላለው «ሞራሌን አትንኪው» ይበቃል። ሞራል ራሱ የውጭ ቃል ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ እኔ ግን ከለመድነው ቆይቷል ባይ ነኝ። በጋለ ስሜት መሐል ለመጣ ንግግር «ቀዝቃዛ ውሃ አትቸልሽብኝ» የሚለውን የሚያህል የለም። ፍርሃት ከገባበት ደግሞ «ሐሞቴን አፈሰሰችው» ይባላል። እንግሊዝኛው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን ሲመጣ ሥሩ «ልብ» ነው፤ እኛ ድፍረትን በሐሞትም እንለካለን። ደፋሩን «ሐሞተ ኮስታራ» የምንለውም ለዚህ ነው።

ከበድ ላለው «ቅስም መስበር» አለ። እዚህ ላይ ሰዋስዉን ልብ ይበሉልኝ። «ተስፋ ቆረጠች» ስንል ቆራጯ ራሷ ናት፤ ሌላው ሰው «አስቆረጣት» እንጂ «ቆረጠባት» አይባልም። ገፋፋት፣ እሷ ቆረጠች። «ቅስሟን ሰበረው» ስንል ግን ሰባሪው ሌላው ነው፤ እሷ ተጎጂ ብቻ ናት። ስለዚህ አዋርዶ፣ አንኳስሶ ለተናገረ ሰው «ተስፋ አስቆረጠኝ» ከማለት «ቅስሜን ሰበረው» ማለት ጥፋቱን በትክክል ባለቤቱ ላይ ያደርገዋል። ይህ ልዩነት ሲጠፋ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም «ዲስከሬጅ አደረገኝ» ማን ምን እንዳደረገ አይነግረንም።

ቃሉ ድርጊትን ተከትሎ ሲመጣ ሌላ ነገር ነው። «እንዳልሄድ ዲስከሬጅ አደረገኝ» ለሚለው «ባትሄድ ይሻላል አለኝ» ወይም «ከመሄድ ወደኋላ እንድል አደረገኝ» ይበሉ። በመመሪያና በማስታወቂያ ላይ ደግሞ «አይበረታታም» ደህና ነው፤ «የተከለከለ ነው» ማለት እንዳልሆነ ብቻ ይታወቅ።

ወደ እህትዎ ልመለስ። እርስዎ ችግሮቹን የነገሯት በቅን ልቦና ከሆነ ምክር ነው፣ ቅስም መስበር አይደለም። እሷም «ሞራሌን አትንኪው» ብትልዎ በቂ ነበር።