ዕድሜያችን ረዘመ ብላችሁ አትዘግዩ

ልጆቼ፣

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ቡና ላይ «አክስቴ፣ ድሮ ሰው ቶሎ ስለሚሞት ነው ቶሎ ጎጆ የሚወጣው። እኛ ረጅም ዕድሜ አለን፤ ምን ያጣድፈናል?» አለኝ። 28 ዓመቱ ነው። ያን ቀን በቅጡ ስላልመለስኩለት ለእናንተም ጭምር ልጻፈው።

ነርስ ሆኜ ብዙ ዘመን የሠራሁት ጎጃም ገጠር ነው። 14 ዓመት ያልሞላት ልጅ በምጥ ሁለት ቀን ከርማ በቃሬዛ ስትመጣ ተቀብያለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ 18 ያደረገው በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ ወጣትነት ረዘመ ብዬ አላማርርም። ያቺ ልጅ ጥቂት ዓመት በልጅነቷ ብትቆይ ኖሮ እያልኩ ዛሬም አዝናለሁ።

ግን ዕድሜያችን በምን እንደረዘመ እወቁ። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። የኩፍኝ ክትባት፣ የአጎበር፣ ውኃ ውስጥ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት ሥራ ነው። አማካዩን ከፍ ያደረገው በአብዛኛው ይህ ነው። ከሕፃንነት ተርፎ የሸመገለማ ድሮም ነበር። የማንም ሃያዎቹ ግን አንድ ቀን አልተጨመረባቸውም።

ወጣትነትን ያስረዘመው ትምህርቱ፣ የሥራ ማጣቱና የቤት ኪራዩ ነው። የአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው እስከ 29 ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። ዲግሪ ይዞ እናቱ ቤት የተቀመጠን ልጅ ሰነፍ የሚሉትን አልወድም፤ ደጁን ዘግቶበት የቆመው ሌላ ነው። ለአቅመ አዳም መድረስን ግን ከደሞዝና ከቁልፍ ጋር አታያይዙት። የእህቴን ልጅ «የእናትህ የደም ግፊት ኪኒን ስሙ ማነው?» አልኩት። አላወቀውም።

ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ልጅ፣ 19 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ስኳር ያለባቸውን አባቱን ይዞ መጣ። ሥራ የለውም፤ የሚኖረው እሳቸው ቤት ነው። ባለካሬ ደብተር አወጣ፤ የጠዋቱንና የማታውን ልኬት፣ ስንት ኢንሱሊን እንደወጋቸውና መርፌውን ሆዳቸው ላይ በየትኛው በኩል እንደሰጣቸው ጽፎበታል። ሐኪሙ ሽማግሌውን «መድኃኒቱን እንዴት እየወሰዱ ነው?» ሲላቸው ወደ ልጃቸው ዞሩና «እሱን ጠይቀው» አሉት።