ይድረስ በበሬሳ ወንዝ ዳር ለሚያድጉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ላይ ከመካከላችሁ አንዷ «ጋሼ፣ ባሕር በሌለው አገር የባሕር ጭቃ ማጥናት ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። በቆምንበት የሰጠኋት መልስ አላረካኝም፤ ብርዱም አላስጨረሰንም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያንን መልስ ለመጨረስ ነው።

አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ውኃ ውስጥ በኢምንት መጠን የሚገኙ ብረታ ብረቶች ከየት መጥተው የት እንደሚገቡ በመከታተል ነው። ኢምንት ስል ቃሉን አክብሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረታ ብረት) ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ግራም እርሳስ በመቶ ሺህ ሊትር ውኃ ውስጥ ሲበተን ማለት ነው።

ሥራውን የጀመርሁት ከሆላንድ እስከ ዴንማርክ በተዘረጋው፣ ዋደን በሚባለው የሰሜን ባሕር ዳርቻ ነበር። እዚያ ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲጎድል ዓይን እስኪታክት ጭቃ ብቻ ይቀራል። ያንን ጭቃ በአካፋ ቆርጣችሁ ብታነሡት ከላይ ስስ ቡናማ ንጣፍ፣ ከሥሩ እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ደለል ታያላችሁ። የመጀመሪያ ቀን አፍንጫዬን ይዤ ነበር። በኋላ ግን ሽታውን ጠልቶ የሚሸሽ ሰው ዋናውን ነገር እንደሚያልፈው ገባኝ።

ቡናማው የብረትና ማንጋኒዝ የሚባል ሌላ ብረታ ብረት ዝገት ነው። ከሥሩ ኦክስጅን ስለሚያልቅ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ዝገቱን ይተነፍሱታል፤ ዝገቱም ይሟሟል። በላዩ አጣብቆ የያዘው አርሴኒክ፣ ኮባልትና ፎስፌት አብሮ ይለቀቃል። ጠለቅ ሲል ደግሞ የባሕሩ ሰልፌት (ድኝና ኦክስጅን ያለበት ጨው) ኦክስጅኑን አጥቶ ወደ ሰልፋይድ ይለወጣል፤ ሽታው ከዚያ ይመጣል፤ ጥቁረቱም ብረቱ ከሰልፋይዱ ጋር ሲጣመር የሚፈጠር ነው። የሟሟው ብረት ወደ ላይ ሲወጣ ኦክስጅን እንዳገኘ ቶሎ መልሶ ይዝጋል። ማንጋኒዝ ግን ለመዛግ ቀርፋፋ ስለሆነ አምልጦ ውኃው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ባሕሩ ሲጎድል፣ ከጭቃው የሚንጠፈጠፈው ውኃ ቦዮቹን ሲሞላ፣ የሟሟ ማንጋኒዝ ይበዛል፤ ሲሞላ ከውጭ በመጣው ውኃ ይሳሳል። አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት የተለያየ ውኃ።

ይህንን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። በጀልባ ላይ ሆነን ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ ውኃ እንቀዳ ነበር። የአንዱ ዕለት ውጤት ከሌሎቹ ሁሉ ተገልብጦ መጣ፤ ማንጋኒዙ ባሕሩ ሲሞላ በዛ፣ ሲጎድል አነሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምክንያት ስፈልግለት ከረምሁ። እንዲያውም አንድ ጥሩ የሚመስል ማብራሪያ ጽፌ ለአስተማሪዬ ላሳይ ስል ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥሁ፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይላል። ያን ዕለት ከድካም ብዛት ሰዓቱን ሁሉ በልጅነት ልማዴ፣ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሳስገባው ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወስጄዋለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለውም ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ማብራሪያውን ቀድጄ ጣልሁት።

ሌላው ደዌ የእጅ ንጽሕና ጉድለት ነው። ክሌር ፓተርሰን የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት የምድርን ዕድሜ በእርሳስ ሲለካ (እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው 4.55 ቢሊዮን ዓመት ነበር) ከአቧራው፣ ከዕቃውና ከሰው ገላ የሚመጣው እርሳስ ናሙናውን እየዋጠ አስቸገረው። ቤተ ሙከራውን ከሥር እስኪያጸዳ ዓመታት ፈጀበት። እናንተም ዚንክ ልትለኩ ሄዳችሁ ዚንክ በተለበጠ የቆርቆሮ ባልዲ ብትቀዱ የምትለኩት ባልዲውን ነው። ጠርሙሱ ፕላስቲክ፣ በአሲድ የታጠበ ይሁን፤ ከናሙናው ጋር አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ ይዛችሁ ውጡ፣ እንደ ናሙናው ክፈቱት፣ ዝጉት፣ ለኩት። እሱ ውስጥ ብረታ ብረት ከተገኘ ከእናንተው ነው የመጣው።

አሁን ወደ ቤታችን። የእኛ ሙላትና ጉድለት ክረምትና በጋ ነው። የእነዋሪ ከተማ አካባቢ ገበሬ ዋልካው (ጥቁሩ ጭቃማ አፈር) ውኃ ሲቋጥር አዝመራው ቢጫ እንደሚሆን ያውቃል፤ ለዚህም በእጁ መደብ እየሠራ ውኃውን በቦይ ያስወጣል። ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፣ ብረትና ማንጋኒዝ ይሟሟል፤ የዋደን ጭቃ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከብት ስትጠብቁ ጨፌ ዳር ከምንጭ ሥር ብርቱካንማ ዝቃጭ፣ በላዩም ዘይት የመሰለ አንጸባራቂ ስልባቦት አይታችሁ ይሆናል። በእንጨት ንኩት። እንደ ስስ በረዶ ተሰነጣጥቆ ከተለያየ የብረት ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ተመልሶ ከተያያዘ ግን ዘይት ነው፣ ከየት እንደመጣ ፈልጉ።

ጣርማበር ላይ ስትቆሙም ይህንን አስቡ። ወደ ምዕራብ የወረደው ዝናብ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በሬሳችንም ጀማን ነው የምትቀላቀለው። በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የሚወርደው ግን የአዋሽ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ብረታ ብረት አይበሰብስም። በዚያ በኩል የለቀቅነው ሁሉ ወይ በመንገድ ደለል ውስጥ ይተኛል፣ ወይ ሐይቁ ውስጥ ይከማቻል። የሚያጥበው ባሕር የለም።

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ እየበዛባት ነው፤ በዚህ ደስ ይለኛል፣ ወንዙም ያሳስበኛል። አንድ ሰው በጥር አንድ ጠርሙስ ቀድቶ «ንጹሕ ነው» ወይም «ተመርዟል» ሲል ብትሰሙ ሁለቱንም አትቀበሉ። በሐምሌ ጎርፉ ደለሉን ሲገለብጥ፣ በመስከረም ሲጠራ፣ በሚያዝያ ውኃው ሲያንስ፣ ከዚያው ከአንድ መታጠፊያ ራሳችሁ ቅዱ። ውኃውን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ጭቃም ያዙ፣ ቀለሙን ተመልከቱ፣ አሽትቱት። ጠርሙሱ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በአውሮፓውያን፣ እሱንም ጻፉ።