ኤአይ የጻፈው ኮድ ይሠራል፤ ግን ይለቀቃል ወይ? ጥያቄና መልስ

የሌሎችን ኮድ መገምገም የዕለት ሥራዬ ነው። ሰሞኑን የሚመጣልኝ ግማሹ ኤአይ የጻፈው ነው። የምታስቡትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣውን እነሆ።

ሞከርኩት፣ በደንብ ይሠራል። ግምገማውን ከየት ልጀምር?

ከሌለው ነገር። ሰው ተቻኩሎ የጻፈው ኮድ ያስታውቃል። ስሞቹ የተዝረከረኩ ናቸው፤ የሆነ ቦታ ላይ "ኋላ አስተካክለዋለሁ" የሚል ኮሜንት አይጠፋም። የኤአይ ኮድ ግን ትክክሉም ስህተቱም እኩል ሽክ ብሎ ይመጣል። እያነበብክ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" ስትል ያልቃል። ስለዚህ ያልተጻፈውን ፈልግ። ይህን ሪኩዌስት (ወደ ሰርቨሩ የሚላከውን ጥያቄ) የላከው ማን እንደሆነ የት ተጣራ? ያኛው ሰርቪስ ባይመልስስ? ተጠቃሚው ሁለቴ ቢጫንስ?

ሎግኢን አለው እኮ። ሴኪዩሪቲው ምን ይጎድለዋል?

ሎግኢን ማን እንደሆንሽ ነው የሚያጣራው። ምን እንደተፈቀደልሽ ሌላ ጉዳይ ነው። በቅርቡ የክፍያ ደረሰኝ የሚያሳይ አንድ አፕ ገመገምኩ። ገጹ ላይ የአድራሻው መጨረሻ 1041 ይላል። 1042 ብዬ ቀየርኩት። የማላውቀው ሰው ደረሰኝ ከነስሙ፣ ከነስልኩ ድቅን አለ! ኮዱ ሎግኢን ማድረጌን ያጣራል፤ ደረሰኙ የኔ መሆኑን ግን አያጣራም። ማስተካከያው ግማሽ መስመር ነው፦ ዳታቤዙ ውስጥ በደረሰኝ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በባለቤቱም ጭምር መፈለግ።

ይህ ብርቅ ስህተት እንዳይመስልሽ። በሶፍትዌር ሴኪዩሪቲ ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ የተባለ ድርጅት በ2021 ባወጣው የአሥር ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር አንደኛ ላይ የተቀመጠው ይኸው የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት ነው።

ለመሞከር ሁለት አካውንት ክፈቺ። በአንዱ ዳታ ፍጠሪ። በሌላው ገብተሽ ያንን ዳታ ለማየት፣ ለመቀየር፣ ለማጥፋት ሞክሪ። ሦስቱንም። ማየቱን ከልክሎ ማጥፋቱን የረሳ ኮድ ስንቴ አይቻለሁ። "ዴሊት" የሚለውን በተን መደበቅም ክልከላ አይደለም፤ ሪኩዌስቱን በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ መላክ ይቻላል።

የኤፒአይ ቁልፉን (ሌላ ሰርቪስ ለመጠቀም የሚያስገባውን ሚስጥራዊ ኮድ) ኮዱ ውስጥ አገኘሁትና አጠፋሁት። በቃ?

አልበቃም። የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበው ጊት አይረሳም፤ ቁልፉ የድሮ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ውስጥ ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ ቁልፉን አሰርዝና አዲስ አውጣ። ታሪኩን ማጽዳት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ጊዜው ያለፈበት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ኢንጀክሽን ማለት ተጠቃሚው የጻፈው ጽሑፍ ለዳታቤዙ ትእዛዝ ሆኖ ሲያልፍ ነው። ኤአዩ ብዙውን ጊዜ ጽሑፉን ከትእዛዙ ለይቶ በፓራሜትር ያስተላልፋል፤ እሱን አልነፍገውም። የሚሳሳተው ሠንጠረዡ በተመረጠው ኮለም (ዓምድ) ይደርደር ሲባል ነው። የኮለም ስም በፓራሜትር አይተላለፍም። ስለዚህ ከተጠቃሚው የመጣውን ጽሑፍ እንዳለ ይለጥፈዋል። የተፈቀዱትን ስሞች ዘርዝር፤ ሌላ ከመጣ አትቀበል።

የማላውቃቸውን ፓኬጆች (ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች) ጨምሮልኛል።

ኢንስቶል ከማድረግህ በፊት በእርግጥ መኖራቸውን እይ። ሞዴሎች አንዳንዴ የሌለ ፓኬጅ ስም ይፈጥራሉ። ያንን ስም ተንኮለኛ ቀድሞ ካስመዘገበው ሌባውን በገዛ እጅህ አስገባኸው። ያለውም ቢሆን ቨርዥኑ አርጅቶ ቀዳዳው የታወቀ ሊሆን ይችላል።

ላፕቶፔ ላይ አንድም ችግር የለውም። ፕሮዳክሽን ላይ፣ እውነተኛ ተጠቃሚዎች ሲገቡበት፣ ምን ይለወጣል?

ላፕቶፕህ ላይ አንድ ተጠቃሚ ነው ያለው፤ እሱም አንተ ነህ፤ ያውም ደግ ተጠቃሚ።

መጀመሪያ ታይምአውት እይ፤ መልስ የሚጠበቅበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው። ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር የሚያገናኘው የፓይተኑ ሪኩዌስትስ ላይብረሪ፣ ታይምአውት ካልሰጠኸው ገደብ የለውም። ያኛው ወገን ዝም ካለ ያንተም ሰርቨር አብሮ ቆሞ ይቀራል።

ቀጥሎ የተዋጡ ስህተቶችን ፈልግ። ኤአይ ፕሮግራሙ እንዳይቆም ሲል ሁሉን ነገር በትራይ (ስህተት በሚይዘው ትእዛዝ) ይጠቀልልና ስህተቱን ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ራሴ በዚህ ተበልቻለሁ። ክፍያው አልተሳካም፤ ስክሪኑ "ተሳክቷል" ይላል፤ ሎጉ (ሰርቨሩ የሆነውን የሚመዘግብበት) ባዶ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ክፍያ ካነሳን፣ ገንዘብ በፍሎት (ኮምፒውተር የነጥብ ቁጥርን በግምት በሚይዝበት ዓይነት) አይያዝም። 0.1 እና 0.2 ደምርና 0.30000000000000004 ሲልህ ታያለህ። በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ያዘው። "ክፈል" የሚለውን ሁለቴ የተጫነ ሰው ሁለቴ እንዳይከፍል ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍያ መለያ ስጥና ዳታቤዙ ራሱ ድግግሞሹን ይከልክል። ኮዱ ውስጥ "አስቀድሞ አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሁለት ሪኩዌስቶች እኩል ሲደርሱ ሁለቱም "የለም" የሚል መልስ ሊያገኙ ይችላሉ።

ስህተት ሲፈጠር የኮዱን ውስጥ ለተጠቃሚው ሊያሳይ የሚችለው የዲበግ ሞድ መጥፋቱንም አረጋግጥ።

ራሱ ኤአዩ ቢገመግመውስ?

ይገምግም፤ ይጠቅማል። አዲስ ቻት ክፈቺለት። "ጥሩ ነው ወይ?" አትበዪው፤ ጥሩ ነው ይልሻል። "በራሴ አካውንት ገብቼ የሌላ ሰው ዳታ እንዴት ላጥፋ?" በዪው። ኮዱን ለመፈተሽ በጻፈው ቴስት ግን አትመኪ፤ የተሳሳተውን ኮድ አይቶ ስህተቱን ራሱን እንደ ትክክለኛ መልስ ሊጽፈው ይችላል። እኔ የፈቃድ ማጣሪያውን መስመር ሆን ብዬ አጠፋና ቴስቱን አስኬደዋለሁ። አሁንም አረንጓዴ ከሆነ፣ ማለትም ካለፈ፣ ቴስቱ የለም ማለት ነው።

4 ሺህ መስመር ነው። ሁሉንም ላንብብ?

ሎግኢን፣ ፈቃድ፣ ክፍያ፣ ፋይል መጫኛና ዳታ ማጥፊያ ካለ፣ እነሱን መስመር በመስመር። የበተኑን ቀለም የሚወስነውን ክፍል በዓይንህ ገረፍ አድርገህ እለፈው።