ዲግሪ ካለሽ ከዜሮ አትጀምሪም

የነርሲንግ ዲግሪና የሁለት ዓመት ሥራ እያለሽ ደላላው «ጀርመን የሚገባው በአውስቢልዱንግ ብቻ ነው» ካለሽ፣ ወይ አያውቅም ወይ ኮሚሽኑን አስቦ ነው። አውስቢልዱንግ ሦስት ዓመት እየተከፈለሽ የምትማሪው ሥልጠና ነው፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨራሽ ሸጋ ነው። ላንቺ የሚሻለው ያለሽን ዲግሪ ማስመዘን ነው፤ እዚህ ጀርመን አነርኬኑንግ ይሉታል።

1. ጀርመንኛሽን ጀምሪ። ለጀርመኑ የነርስ ሙያ ፈቃድ ቢ2 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል፤ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት አለልሽ።
2. ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሙያ ፈቃድና የሥራ ልምድሽን አስተርጉመሽ ልትሠሪበት ላሰብሽው የጀርመን ክልል ዲግሪ መዛኝ መሥሪያ ቤት ላኪ።
3. የጎደለሽን በጽሑፍ ይነግሩሻል። እሱን በፈተና ወይም በማሟያ ሥልጠና እዚሁ መጥተሽ ትሞያለሽ።

እኔን ያንገበገበኝ ትራንስክሪፕቱ ነው። የተጻፈበት ክሬዲት ብቻ፤ የጀርመኑ መሥሪያ ቤት የሚቆጥረው ደግሞ ሰዓት። ቀዶ ሕክምና ክፍል ስንት ሰዓት ተለማመድሽ፣ ሕፃናት ክፍልስ? ሰዓቱን የሚዘረዝር አንድ ደብዳቤ ለማጻፍ ወንድሜ ሬጅስትራር በር ላይ አራት ወር ተመላለሰልኝ፤ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ፣ አንዴ ማኅተሙ ተቆልፎበት። አንቺ እዚያው እያለሽ አስጽፈሽ ያዢ።