ለሁለተኛው አልበም ስቱዲዮ ለምትገቡ ልጆቼ

ዕድሜዬን በድምፅ ቀረጻ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ አልበማችሁ ተወዶላችሁ ለሁለተኛው ስትዘጋጁ ሳይ አንድ የሩቅ አገር አልበም ትዝ ይለኛል።

ዴቭ ግሮል ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ ድራም መቺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የባንዱ ድምፃዊ ከርት ኮቤይን ከሞተ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ስቱዲዮ ገብቶ ድራሙንም ጊታሩንም ድምፁንም ከሞላ ጎደል ብቻውን በአንድ ሳምንት ቀረጸ። ፉ ፋይተርስ የተባለው የግሮል አዲስ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ይኸው ነው። ባንዱ የተሰበሰበው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ድራሙንም ዊልያም ጎልድስሚዝ ያዘ።

ሁለተኛው አልበም፣ «ዘ ከለር ኤንድ ዘ ሼፕ»፣ በ1996 መጨረሻ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በቤር ክሪክ ስቱዲዮ ተጀመረ። ግሮል የተቀረጸውን ሲሰማ አልረካም። በሆሊውድ ቀረጻው እንደ አዲስ ሲጀመር፣ ጎልድስሚዝ በሌለበት አብዛኛውን ድራም ራሱ መታው። ጎልድስሚዝም ባንዱን ለቀቀ። አልበሙ በግንቦት 1997 ወጣ።

ለጆሮ ከሆነ ግሮል ልክ ነበር። ከአልበሙ «ኤቨርሎንግ» የተባለውን ዘፈን አድምጡ፦ ጊታሩ ለብቻው ይጀምርና ድራሙ ሲገባ ሃይ ሃቱ፣ የድራሙ ጥንድ ጸናጽል፣ እንደ ሯጭ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ አያሳርፍም። እንዲህ ያለ ምት ማግኘት የሚችል ሰው በሌላ ቢረካ ሙያውን ይበድላል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰውየው በሌለበት መሆኑ ነው። በካሴት ዘመን እኔም አድርጌዋለሁ። የአንድ ወጣት ድራም ከዘፈኑ ጋር አልሄድ ሲለኝ፣ ሳልነግረው አውጥቼ በኪቦርድ ምት ተካሁት። ልጁ ካሴቱን በገዛ ገንዘቡ ከሱቅ ገዝቶ፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ ከፈተው። የእርሱ ምት የለም። ይህን የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፤ ቢጮህብኝ በቀለለኝ ነበር።

ልጆቼ፣ የጓደኛችሁ ሥራ ካልሆነላችሁ ጥሩትና ቅጂውን አብራችሁ ስሙት። ይከራከር። አንድ ቀን ጨምሩለትና ደግሞ ይሞክር። በመጨረሻ ብትቀይሩትም፣ ሲቀየር እዚያው ይኑር፤ ቁጣውንም ፊት ለፊት ተቀበሉት። የስቱዲዮ ኪራይ እየቆጠረ ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ያን ቀን ለራሴ ያልኩት ጊዜ የለም ነበር።

ከዚያ አልበም የጎልድስሚዝ ምት ከተረፈባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ መክፈቻው «ዶል» ነው፤ አጭርና ለስላሳ ዘፈን። አልበሙን ባነሳሁ ቁጥር እርሱን ሁለት ጊዜ አስደግመዋለሁ።