መልስ፦ አባቴ ባለ 3 ሽቦ ፔስሜከር ያስፈልገዋል ተባለ፣ ከተራው በምን ይለያል? መድኃኒቱንስ ያቆማል?

ሰላም እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ኢኤፉ (ልቡ ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚረጨው፣ በመቶኛ) 28 ሆኖ የልብ ድካም መድኃኒቱን በደንብ እየወሰደም ደረጃ መውጣት ካቃተው የሀኪሞቹ ሀሳብ ያስኬዳል፣ ግን ኢኤፍ ብቻውን አይወስንም፣ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ኪውአርኤስ የሚባለው (የኤሌክትሪኩ ምልክት የታችኞቹን የልብ ክፍሎች ለማዳረስ የሚፈጅበት ጊዜ) ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነና የግራ ብሎክ (ምልክቱ ወደ ልብ ግራ የሚሄድበት መስመር መዘጋት) እንዳለው ጠይቂያቸው። በደንብ የሚጠቅማቸው የግራ ብሎክ ኖሯቸው ኪውአርኤሳቸው 150ና ከዛ በላይ የሆነባቸው ናቸው፣ ከ130 በታች ከሆነና ሌላ ፔስሜከር የሚያስፈልግበት ምክንያት ከሌለ አይመከርም።

ተራው ፔስሜከር በዋናነት የዘገየ የልብ ምት ነው የሚያስተካክለው። ይሄኛው ግን የልብ ግራና ቀኝ እየተቀዳደሙ ሲመቱ እኩል እንዲመቱ ያደርጋል፣ ለዛ ነው ሦስተኛዋ ሽቦ ከልብ ጀርባ ባለው ደም ስር ገብታ ግራውን የምትቀሰቅሰው። ደረት አይከፈትም፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ቆዳው ትንሽ ተቀዶ ነው የሚገባው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማደንዘዣ መርፌ ብቻ።

መድኃኒቱን ግን በፍጹም እንዳያቆም! ሁለቱ አብረው ነው የሚሰሩት። ደግሞ ከሦስት ሰው አንዱ አካባቢ ብዙ ለውጥ ላያይ ስለሚችል ቤተሰቡ ከወዲሁ ይወቀው። ምቱ በአደገኛ ሁኔታ ሲዛባ የኤሌክትሪክ ሾክ የሚሰጥ ዓይነትም ስላለ የትኛው እንደሚገባለት ሳትጠይቂ እንዳትፈርሙ።