በእጅ ራውተር ታፔላ መቅረጽ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ራውተር ስል እንጨት የሚቦረቡረውን ማለቴ ነው። ታፔላ የምቀርጸው በእጄ ይዤው፣ መስመሩን በዓይኔ እየተከተልኩ ነው። የምታውቁትም የማታውቁትም ጠይቁ።

ጀማሪ ነኝ። የትኛው ራውተር ይሻለኛል?

በአንድ እጅ የሚጨበጠው ትንሹ። ለፊደል ዋናው ነገር የፑንታውን፣ ማለትም እየዞረ የሚቆርጠውን ብረት፣ ጫፍ ማየት ነው፤ ትልቁ ይጋርዳል። ትልቁ ሰፊ መደብ ለመቦርቦር ይጠቅማል።

ፑንታስ?

ሁለት ይበቃል። አንዱ ጫፉ የሾለ የ90 ዲግሪ፣ ሌላው ቀጥ ያለ የ6 ሚሊ ሜትር። ስትገጥሙት እስከ ታች ድረስ አስገቡና 2 ሚሊ ሜትር ያህል መልሳችሁ ሳቡት፤ ከዚያ አጥብቁት። ሶኬቱ መነቀሉን ሳታረጋግጡ ፑንታ አትንኩ።

ጋሼ፣ ማሽኑ እጄን ይዞብኝ ይሄዳል። ቀጥ ያለ መስመር እምቢ አለኝ።

አይዞህ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ፑንታው ከላይ ሲታይ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ ወደፊት ስትገፋው ወደ ግራ ይሸሻል። ቀጥ ያለ ጣውላ በግራህ በኩል በሞርሳ እሰር፤ ማሽኑ ራሱ ይደገፍበታል። ኩርባ ላይ ደግሞ ክንድህን እንጨቱ ላይ አሳርፍ።

ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ጊዜ አታጥልቀው። መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ መንገዱን እንድታሳየው ያህል። ከዚያ በዚያው መንገድ ተመለስበት። ጉጥ ስታገኝ ቀስ በል፣ ድንገት ይዘላል።

እንጨቱ እየጠቆረ ይቃጠላል።

ወይ ፑንታው ደንዝዟል፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። እጃችሁ አይቁም።

የአማርኛ ፊደል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ፊደላችን ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ሲሆን ያምራል። በ90 ዲግሪ ፑንታ ይህን ማምጣት ቀላል ነው፤ የመስመሩ ስፋት የጥልቀቱ እጥፍ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ብታጠልቁ 4 ይሰፋል፣ 4 ብታጠልቁ 8። ስለዚህ ቀጫጭኑን ሁሉ በአንድ ጥልቀት ጨርሱ፣ ከዚያ ለወፍራሙ ዝቅ አድርጉት።

አስቸጋሪው ቀለበቱ ነው። ሬ፣ ቄ፣ ዌ... በቀለበቱ መሃል የምትቀረው ትንሽ እንጨት በጅማቷ፣ ማለትም እንጨት በሚሰነጠቅበት መስመር፣ በኩል ትፈነቀላለች። አንድ ጊዜ ሙሉ ጽሑፍ ጨርሼ የመጨረሻው ሬ ላይ ሄደችብኝ። ሰጋቱራ ውስጥ ፈልጌ በሙጫ መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ቀለበቶቹን አስቀድማለሁ፤ ቢበላሽ ገና በጠዋቱ ልወቀው። ፊደሉንም ከ8 ሴንቲ ሜትር አላሳንስም።

በፎም ብሠራስ?

እንደ ፎሙ ነው። ለታፔላ ተብሎ የሚሠራው ጥቅጥቅ ያለ ፖሊዩሬቴን ጅማት ስለሌለው በየትኛውም አቅጣጫ እኩል ይቆረጣል። ለመለማመጃ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ዕቃ የሚታሸግበት ነጩ ፖሊስታይሪን ግን በሙቀት ይቀልጣል፤ ፍጥነቱን ቀንሱለት። ስፕሬይ ቀለም በቀጥታ አትንፉበት፣ ይበላዋል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ቀቡት። የሁለቱም ብናኝ ደቃቅ ነው፤ ማስክና መነጽር ግድ ነው። ጆሯችሁንም ሸፍኑ።

ቀለሙ ከፊደሉ ወጥቶ በእንጨቱ ውስጥ ይሰርግብኛል።

እንጨቱ ጠጥቶት ነው። ከቀረጽሽ በኋላ መጀመሪያ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ቀቢውና ይድረቅ። ከዚያ ፊደሉን ሙይው፤ ጠርዙን ቢያልፍም አትጨነቂ። በደንብ ሲደርቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለሽ ፊቱን ፈግፍጊው። ያለፈው ቀለም ይነሳል፣ የጠለቀው ይቀራል። በጣትሽ ይዘሽ ግን አትፈግፍጊ፤ ጣት ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና የፊደሉን ጠርዝ ያዶለዱመዋል።